ከመስመሩ ውስጥ ማን አለ?

አርባ ሁለት ስላይድ ነበረኝ፣ ፊደል እንደ ጤፍ የተዘራበት፣
አንቀጽ ከአንቀጽ ተጋፍቶ መተንፈሻ ያጣበት፤
ከጦሳ ስር ስላለው መሬት፣ ክረምት ሲገባ ስለሚንሸራተት፣
ስለ ቦይ፣ ስለ ድጋፍ ግንብ፣ ስለ መቶኛና ስሌት።

ጦይባ አየችው፣ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፤
«ይኼ ስላይድ ነው ወይስ የውርስ ክርክር ፋይል?» አለችኝ ሳቋን ውጣ።
«ሰዉ አንተን ይስማ ወይስ ግድግዳ ያንብብ? ሁለት ጆሮ እንጂ ሁለት ልብ የለው፤
ቃሉን አንተ ያዘው፣ ለግድግዳው መስመር ብቻ ተወው።»

ከዚያ ማውሱን ቀማችኝ። አንድ ቀጭን፣ ቀለም ያልጠጣ መስመር
ከጣሪያ ጫፍ ተነስቶ፣ ግድግዳ ወርዶ፣ ወደ ተነሳበት የሚዞር።
ቤት ሆነ።
ጠብታ ሆነ። ተዳፋት ሆነ። ቁልቁል ያየ ቀስት ሆነ።
የሰባት ገጽ ወሬዬ እንደ መሐረብ ታጥፎ ኪስ ገባ፤
እፎይ ልበል ስል፣ ለአንቀጾቼ ሆዴ ባባ።

«ውፍረቱን አታደባልቅ፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ
ከሁለት ሰው የተዋስከው ጫማ ሆነ።
ጥላ አትጨምር፣ ጌጥ አታብዛ፣ የሚያስፈልገው ብቻ ይቅር፤
ሐረጎን የሚወርድ ሾፌር ለኩርባው ምልክት ስንት ሰከንድ አለው? ነገርህ በዚያች ይነገር።»

ሐሙስ ከሰዓት፣ ደሴ፣ የቀበሌው አዳራሽ። ቆርቆሮውን ዝናብ ይቆላዋል፤
ወንበር ያነሰው ቆሟል፣ የተጠጋጋ ጃንጥላ በር ላይ ያንጠባጥባል።
ከመጀመሪያው ስላይድ ላይ አምፖል ተሰቅሏል፤
በሙያው ደንብ አምፖል «ሐሳብ» ይባላል።
አቶ ሙህዬ ተነሱ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፦
«መብራቱ መቼ ነው የሚመለስልን? ሰፈራችን ከጨለመ ሦስት ቀኑ ነው።»
አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

ያንን ባለ ጥርስ ክብ፣ «አሠራር» ብዬ የሳልኩትን፣
አንዱ ወጣት «የወፍጮ ቤቱ ነው?» አለ፣ «ያ ካሳ ያልተከፈለበትን?»
ሽቅብ የሚወጣውን ቀስት «ዕድገት» ብዬ ስጠራ፣
«ለእኛ ሽቅብ ጦሳ ነው፤ ከዚያ የሚመጣውን ነው የምንፈራ።»
ጦይባ ከኋላ ወንበር ከንፈሯን ነክሳ ትጽፋለች፤
ምልክት እንደ ሙሽራ ናት ለካ፣ በገባችበት ቤት ስም ታገኛለች።

ከዚያ ቤቱ መጣ። ተዳፋቱ። ጠብታው። ቀስቱ ወደ ታች።
ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ጉያ ተሸጎጠች።

ያን ጊዜ መብራቱ ሄደ፤ ፕሮጀክተሩ አቃስቶ ዝም አለ።

ወይዘሮ ሸምሲያ አራጋው ተነሱ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘግተው፣
በስልኮቻችን ብርሃን፣ በእርጥብ ጫፉ ከስሚንቶው ላይ
ያንኑ ቤት ሳሉት፣ በአንድ መስመር ወጥተው ወርደው።
«ቤትህ ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን ሰው የለበትም» አሉ፣
ሦስት ነጥብ ጠብ ጠብ አደረጉ፣ ከበሩ አጠገብ እንዲውሉ።
ከጓዳው በኩል ደግሞ አንዲት አጭር ሰረዝ አሰመሩ፤
«ይቺ እህቴ ዘይነባ ናት። አትነሳም። ‹ሽሹ› ስትሉን እሷንም ቁጠሩ።»

ስሚንቶው ጠጣው። ንግግሬ ሳያልቅ ቤቱም ሰዉም ደረቀ፤
ያ አርባ ሁለት ገጽ ግን ስለ ዘይነባ አንዴም አልጠየቀ።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ እኔ፣ ጦይባና ደንቡ ተፋጠጥን፤
«የተሞላ ነጥብ በባዶ መስመር መሀል? ስልቱን ያፈርስብናል» አለችን።
እኔንና ኮምፒውተሩን ማለቷ ነው።
ከዚያ ራሷ ጨመረችው። ሦስት ነጥብ።
ሰረዟ ላይ ስትደርስ ግን ቆየች፣ ደጋግማ ለካች፣
ከግድግዳው እንዳትቀጥን ብላ ሰጋች።

ማታ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎ ጉም ለብሶ፣
የመስኮቱ መስታወት በትንፋሻችን ርሶ፣
በጣቴ ቤት ሳልኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው አየኝ፤
«ቤት ልትሠራ ነው?» አለኝ።
«አይ፣ ሰው እየቆጠርኩ ነው» አልኩት። ምን እንደገባው እንጃ።
ከጣሪያው ጫፍ አንድ ጠብታ ወርዶ ሰረዟን ሊነካ ሲል
መዳፌን ከላይዋ ጋረድኩ፣ ያቆመው ይመስል።