አሥራ አንድ ሜትር

ሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ባጃጅ እየፈታሁ እኖራለሁ፤
የአንዱን ሬሳ ለሌላው ነፍስ አድርጌ እገጥማለሁ።
ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲወቅር፣
አንዲት ልጅ ቆመች ከበሬ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር፣
ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ራሷ ግን በስብሳ፤
ሙንተሃ ትባላለች፤ ተማሪ ናት፣ የኪቶ ፉርዲሳ።
«የተቃጠለ አይሁን እንጂ፣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣
ሦስት ስጠኝ» አለችኝ፣ ዋጋ ሳትከራከር።

«ለምንሽ ነው?»
«ጉድጓድ ለሚወርድ ነገር።»
ሳቄ መጣ። እኔ የማውቀው፣ ጉድጓድ የሚወርደው ሰው ነው፣
ወገቡን በገመድ፣ አፉን በቢስሚላሂ ያሰረው።
«ሰውማ ወርዶ ነበር» አለች።
ከዚያ ዝም።
ዝምታዋን አወቅሁት።

እኔም ነበርኩ ያን ዕለት፣ አባ ዲጋ ሲናድበት፤
ከአፋፉ ከቆምነው አንዱ፣ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ።
ቀይ አፈር እንደ ሕፃን ነው፤ ውሃ ሲጠግብ ያቀረሻል።
አሥራ አንድ ሜትር ታች፣ ድምፁ ይመጣ ነበር፤
«አይዟችሁ፣ ውሃው ቀርቧል» ይለን ነበር።
እኛ ከላይ፣ እሱ ከታች፤ አጽናኙ እሱ ነበር።
አካፋ ያነሳ ሁሉ፣ አንድ እርምጃ በጠጋ ቁጥር፣
ጠርዙ ይናዳል፤ ልናወጣው ስንል ልንቀብር።
ስለዚህ ቆምን።
ዙሁር ላይ ድምፁም ቆመ።

ለካ እሷም ነበረች፤ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ከጎረቤት አጥር ተንጠልጥላ።
ማንም አላያትም።
እሷ ግን አየችን።

«ሰው ስለሚከብድ ነው» አለችኝ፣ ሞተሩን በጣቷ እያዞረች፤
«ጠርዙን የናደው ክብደታችሁ ነው። ፈርታችሁ አይደለም» አለች።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ማንም አልሰጠኝም፤
ገንዘቧን አልቀበልም አልኩ፣ እሷም በነፃ አልወስድም፤
በግማሽ ተስማማን።

መስከረም ላይ ጠራችኝ፣ ከአዌቱ ማዶ፣ ወደ አንድ የደረቀ ጉድጓድ።
አየሁት ሥራዋን፤ ከቀለም ባልዲ አይበልጥም፤
እግሩ የብስክሌት ሰንሰለት፣
ዓይኑ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ስልክ፣
ጆሮው ከአሮጌ ሬዲዮ ተፈልቅቆ፤
በሆዱ ቀጭን ቱቦ ይዟል፣ ለተጠማ ውሃ የሚያቀብል።
ጓደኞቿ ስም ሊያወጡለት ይከራከራሉ።
«ስም ያለው ታች ያለው ሰው ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

ወረደ። አንድ ሜትር። ሁለት።
ሦስት ላይ ግድግዳ ገጭቶ፣ እንደ ጢንዚዛ ተፍጨርጭሮ ተቃና።
አራት። አምስት።
ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ፤
ጠብ… ጠብ…
ከዚያ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤
የራሴ ትንፋሽ ነበር።
ስድስት ላይ ሽቦው ተጠላልፎ፣ መብራቱ ጠፋ።

«አይዞሽ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤
ቃሉ የማን እንደነበር ትዝ አለኝ፣ ዋጥኩት።
እሷ ደብተሯን ገልጣ «ስድስት» ብላ ጻፈች፣
ከሥሩ አሰመረች፣
ጉድጓዱን እንደ ባለዕዳ እያየች፣
«አምስት ይቀርሃል» አለች።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት፣ ከጎማው ክምር ላይ ተቀምጣለች።
«የማይጠላለፍ ሽቦ አለህ?»
አልነበረኝም።
አለኝ አልኳት።