እጅ መንሳት

ጌንት ላይ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ጥጥ ይፈተልበት በነበረው ቤት፣
መዘውሩ ተሽጦ ጡቡ በቀረበት፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ የማታው የዮጋ ክፍል ሲያልቅ፣
ዐሥራ አራት መምህራን፣ ምንጣፍ ሳንጠቀልል፣ ጫማችንን ሳናጠልቅ፣
ክብ ሠርተን ተቀመጥን።
ውጭ ይዘንባል። የማሞቂያውን ቧንቧ ያስለዋል።
ሌላውን «ተንፍስ» የሚል ሁሉ የራሱን ትንፋሽ ቆጠረ፤
ጀርባ ማቅናት ሥራችን ነው፣ ቃል ማቅናት ግን ቸገረ።

የጠራችን ግሬትየ ናት፣ የሦስት ስቱዲዮ ባለቤት፤
ቁልፎቿን እንደ መቁጠሪያ ስታገላብጥ ቆይታ፣ ድንገት
አንዲት ወረቀት ዘረጋች፤
ከምንጣፍ ሥር የተገኘች፣ አራት ታጥፋ የከረመች፣
በእርሳስ የተጻፈች፣ ስም የሌላት፣ ላብ ነክቷት የወየበች፦

«መምህር ሊቨን በየሳምንቱ ወገቤን ያቃናል።
ወገቤ ግን አልተጣመመም።»

ይኸው ነው። ሌላ አይልም።

ማን ትሆን? በየልባችን የተማሪ ፊት ገለጥን፤
አንዷን እንኳ «ይመችሻል?» ብለን ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ ዝም አልን።

ሊቨን እዚያው ተቀምጧል፤ ጉልበቱን አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ሰላሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊቱን ሸፍኖ።
«እጁ እኮ ፈዋሽ ነው» አለ ሩበን።
«ስም የሌለው ክስ» አለች አንዷ፣ «በምን ይዳኛል?»
«ሐሙስ ክፍሉ የሚሞላው በሱ ነው» አለ ሌላው፣ «ኪራዩስ በምን ይከፈላል?»

ያኔ ሱመያ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ።
«ስለ እጅ ካነሳን» አለች፣ «የኔም እጅ ይታወቅ፦
ሦስት ወር አስተምሬ ‹ልምድ ነው ክፍያሽ› ተብያለሁ፤
እጅ አጥሮኝ፣ ባቡሩን ትቼ፣ በእግሬ እመጣለሁ።
ባንድ ጣሪያ ሥር የአንዱ እጅ ሲረዝም የሌላው ሲያጥር፣
እጃችንን አጣጥፈን ‹ሰላም› እያልን እንዘምር?»

ግሬትየ ቀላች። ዓይኗን ወደኔ ጣለች።
ወደኔ ለምን? ታውቃለች።
ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ የሊቨንን መዳፍ
አይቼ ነበር፤ የማይገባው ቦታ ሲያርፍ።
«ስልቱ ነው» አልኩ ለራሴ። ብርድ ልብስ ማጠፍ ቀጠልኩ፣
ጠርዝ ከጠርዝ እያጋጠምኩ።
ይህን ለጉባኤው ስናገር ድምፄ ተንሻፈፈ፤
ማንም አላቀናልኝም፤ እንደተንሻፈፈ አለፈ።

ሌሊቱ ረዘመ። ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሩብ ሰዓት ተጣላን።
ከፋብሪካው ምድር ቤት አሮጌ የእንጨት ማጠንጠኛ አወጣን፣
እንደ ሳንቲም ቆራርጠን አንድ ፊቱን ሰማያዊ ቀባን፦
ሰማያዊው፣ ንካኝ፤ ጥሬው፣ ተወኝ፤
ምንጣፌ ራስጌ ይቀመጥ፣ ማንም «ለምን?» አይበለኝ።
ደመወዝ በወሩ መጨረሻ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይሰጥ፤
አቤቱታ ሰሚም ስቱዲዮ የሌለው፣ ከእኛ የማይቀለብ ሰው ይመረጥ።
ግሬትየ የሒሳብ መዝገቧን ወለሉ ላይ አኖረች፤
«የፈለገ ይግለጠው» ብላ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ወደ መሐል ገፋ አደረገች።

ዐሥራ አንድ ፈረምን። ሁለቱ «እናስብበት» አሉ።
ሊቨን፣ የጫማው ክር ተበጥሶ፣ ያላንዳች ቃል ወረደ፤ እግሮቹ እስከ ታች ተሰሙ፣ እየቀለሉ።
ይመለስ እንደሆን አላውቅም።

ማክሰኞ ጧት። ፓውላ መጣች፣ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣች፣
ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ግራ ትከሻዋን እንደ ጥያቄ የሰቀለች።
እጄ በልማዱ ተነሳ። ሄደ።
አየር ላይ ቆመ፦
የእንጨቷ ጥሬ ፊት ወደ ላይ ነው።

መልሼ ደረቴ ላይ ከጓደኛው አገጣጠምኩት፣
ዝቅ አልኩ።
እጄን ነሳኋት፤
እጅ ነሳሁላት።
ትከሻዋ አሁንም እንደተሰቀለ ነው።
ይሁን። የእሷ ነው።