አፍንጫዬን አትመኑ

ከቤት ሸአን ወዲህ፣ ከዓሣ ኩሬው ማዶ፣
የመኖ ቤት አለ፤ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ነዶ
ሌሊቱን ሙቀት ይተፋል። እኔ እበሩ ላይ ነኝ፤
መኪና በመጣ ቁጥር፣ ዘንጌን ሆዱ ውስጥ ሰድጄ፣ ጥቂት እንዲያበድረኝ።

ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ ከማዕዘኑም ከጥጉ፤
ዘንጉ ክፍት ሆድ አለው፣ እፍኝ እፍኝ ነው ወጉ።
ከላይ ብቻ የዘገነ፣ እህልም ሰውም አያውቅ።

የማይመጣ ነገር የለም።
የብርቱካን ልጣጭ ከፋብሪካ፣ ሰማያዊ ጢም አብቅሎ፤
ከድርቆሹ እስር መካከል፣ ቀበሮ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ፤
ሽቦ፣ የባትሪ ስባሪ፣ ከትራክተር የወለቀ ብሎን።
ብረቱንስ ማግኔቱ ይለቅማል፣ ሥራ ፈትቶም አያውቅ፤
ሻጋታ ግን ማግኔት ሲጠራው፣ አቤት ብሎ አይወጣም ከድብቅ።

አባቴ ጉድጓድ ነበረው፣ ማሽላ የሚያኖርበት፤
ክዳኑን ገለጥ ሲያደርግ፣ አፍንጫውን ነበር አስቀድሞ የሚልክበት።
«ይህ ለሰው። ይህ ለከብት። ይህንንስ ለእሳት ስጡት።»
የተከራከረው የለም።
የወረስኩት አፍንጫውን ነው። አውሮፕላን ስንሳፈር፣
ሌላው ጓዝ ሁሉ ሲመዘን፣ እሱ ብቻ ሳይመዘን ያለፈ ነበር።

ባለፈው ጥር፣ ክረምቱ በጥር በሚሆንበት በዚህ አገር፣
ናዲም በቆሎ አመጣ፣ ከሐይፋ ወደብ፣ ከማዶ ባሕር።
ኡዚ ሰዓቱን አየ፤ ማደባለቂያው ባዶውን ይዞራል።
«ላሪሳ ነገ ነው የምትመጣው። ከብቱ እስከ ነገ ምን ይበላል?»
እፍኝ አፈስኩ። አሸተትኩ። ገና እንደታጠበ ሕፃን፣
የሚያሳፍር ሽታ የለው። ፍሬው ብርሃን በብርሃን።
«ጥሩ ነው» አልኩ።
ሁለት ቃል።

ወርቅ መምሰሉ ሰሙ ነበር። ወርቁ ከውስጥ ተኝቷል።

ላም ደብዳቤ አድራሽ ናት፤ ያጎረሷትን ሳታነብ ታደርሳለች።
በሦስተኛው ቀን ላሪሳ መጣች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች።
«ወተቱ ውስጥ አለ።»
ምን ያህል? አልኳት። የትንሿን ጣቷን ጥፍር አሳየችኝ፤
«ይህን ሺህ ጊዜ ሺህ ብትከትፈው፣ አንዲቷን። እሷም ትበዛለች» አለችኝ።
ሽታስ?
«ሽታ የለውም፣ አዛናው።»

ታንከሩን ከፈቱት።
ወተት ሲደፋ ድምፅ አለው፤ እንደ ውሃ አይደለም፣
ወፍራም ነው፣ ያፈረ ይመስላል፣ ለመሄድ አይቸኩልም።
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚል ተረት ነበረን፤
የኔ ላም ግን እዚሁ ናት፣ ወተቷንም አየሁት፣ በቦይ ሲያልፈን።
አራት ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ሰባት (ቁጥሯ ነው፣ ስም የላትም)
አንገቷን በብረቱ አሾልካ፣ እያመነዠከች ታየኛለች፤ ምንም አላለችም።
ኡዚም ምንም አላለኝ።
የከበደኝ ይሄኛው ነው።

አሁን ከመኖው ጋራ፣ ነጭ ሸክላ አፈር እንበትናለን፤
መርዙን አቅፎ ይይዘዋል፣ በእበት ይወጣል ይሉናል፤ እናምናለን።
ከአፈር የመጣውን ሻጋታ፣ አፈር ጎትቶ ሲመልሰው፣
አባቴ ቢሰማ ይስቅ ነበር።
ወይም አይስቅም። እንጃ።

ቤት ስገባ ልጄ ሊአት፣ የወተቱን ከረጢት ጫፍ በጥርሷ ትቀዳለች፤
ሳላስበው ነጥቄ አሸትታለሁ። «አባ፣ ምን ሸተተህ?» ትላለች።
«ምንም።»
ምንም ማለት ድሮ ደስ ይል ነበር።

ስለዚህ አፍንጫዬን አትመኑ።
እኔም አላምነው፤ ግን አልጣልኩትም። እፍኙን ወደሱ አነሳለሁ፣
የአባቴን ድርሻ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ የተፈጨውን በጥብጬ፣
ወረቀቷን ነክሬ፣
ዐሥር ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ በባትሪ ብርሃን አቀርቅሬ፤
ሁለተኛዋ መስመር ትመጣ እንደሆን፣ ትቀር እንደሆን።

ናዲም ሞተሩን አጥፍቷል።
ከኩሬው በኩል እንቁራሪቱ ብቻ ይጠይቃል።