አንተ በለኝ

ቅዳሜ ነው፣ ክረምት፤ ፒያሳ ሲኒማ በር
ከወይንሸት ጋራ በአንዲት ጃንጥላ ሥር
ቲኬት ስንጠብቅ፣ ከኋላ ሁለት ልጅ
በስብሰው ቆመዋል ተያይዘው በእጅ።
«ግቡ» አለች ወይንሸት። ለሁለት የተሰፋ
ጃንጥላ ለአራት ሲሆን የእኔ ትከሻ ተገፋ።
እንዲህ ነው ነገሩ፤ በግማሽ ኮት እርጥበት
ኪሩቤልን፣ ሶልያናን ያገኘንበት።

ፊልሙ ኮሜዲ ነው። ሃምሳ የተጠጋ ሰው
የወጣት ጓደኛ ጠኔ የሚያምሰው፣
ባርኔጣ ሸምቶ፣ ጭፈራ ተምሮ
መሐል ሜዳ ቀረ ወገቡ ተቀርቅሮ።
ሳቄ ጣራ ነካ። እንባዬ ወረደ።
የወይንሸት ክርን ወደ ጎኔ ሄደ፤
«በማን ነው የምትስቅ?» አለች በሹክሹክታ።
«በሰውየው!» አልኋት። ዝም አለች ለአፍታ፣
ከዚያ ሳቀች እሷም፤ በፊልሙ ግን አይመስለኝም።

ጁስ ቤት ገባን አራታችን። ስፕሪስ መጣ ጢም ብሎ ተርፎ፤
አቮካዶው ከሥር ከብዶ፣ ማንጎው በላዩ ተንሳፍፎ።
«እርስዎ ማር ይጨመርልዎ?» ሲለኝ ልጁ በትሕትና
«አንተ በለኝ እባክህ፤ እርስዎ ያሳክከኛልና።»
«እሺ ጋሼ» አለ ቶሎ፣ ቀና ብሎ ከወንበሩ፣
«አንተ እልዎታለሁ እንግዲህ፣ ካላስቀየመዎት ነገሩ።»

ወይንሸትማ ምንም አልጠየቀች፤
በሁለተኛው ሳምንት «አንቺ» ተባለች።
ሶልያና ትደውላለች፣ «ወይንዬ፣ ስሚማ!»
የጓዳው በር ይዘጋል፣ ሳቅ ብቻ ነው የሚሰማ።
እኔ ግን ለፋሁ። ጅንስ ገዛሁ፣ ጉልበቱ የተቀደደ፤
«ከፍለህ ነው ወይስ ካሳ ሰጡህ?» አለች፤ ፊቷ ቀድሞ ፈረደ።
የጉብዝናዬን አራድኛ አቧራውን አራግፌ
ብናገር፣ ኪሩቤል በስልኩ ትርጉም ፈለገ ለአፌ።
ለወራት «እርስዎ»። በሰላምታ «እርስዎ»፣ በስንብት «እርስዎ»፤
ሂሳብ ሲመጣ በተለይ «እርስዎ»።

ምን ጎድሎብኝ እንደሆነ ለራሴም አላልሁት፤
ሁለት ባዶ ክፍል አለን፤ አንዱን ሻንጣ ሞላሁት፤
ሌላው…
ተዉት።

እሁድ አመሻሽ፣ ከማዘጋጃ ቤት በታች፣
በአዲሱ የሳይክል መንገድ ዳር፣ ሁለት ሳይክል ተከራየን።
ቸርችልን ቁልቁል አየሁት፤
ሠላሳ ዓመት በታክሲ መስኮት ብቻ ነው የማውቀው።
ልጁ «ቀስ ይበሉ» ሲል፣ እኔ ፔዳሉን ረገጥሁት።
ቴዎድሮስ አደባባይ አለፈኝ፤ ኮፍያዬ እዚያው ቀረ፤
የፖስታ ቤቱ መብራት እንደ ክብሪት ብልጭ ብሎ በረረ፤
ሆዴ ቀድሞኝ፣ እግሬ ቀርቶ፣ በነፋስ ተነፍቶ ልብሴ፣
ከኋላዬ ድምፅ መጣ፣ ጉሮሮዬ ላይ ሳለች ነፍሴ፦

«አንተ!
አንተ ሰውዬ! ፍሬን! ፍሬኑን ያዝ፣ አንተ!»

አልያዝሁም። እንዴት ልያዝ? እየሰማሁ ነበር።

አበባ ውስጥ ነው የቆምሁት፤ ቆመ ከተባለ፤
ስሙን የማላውቀው ቢጫ፣ መንገድ ዳር የተተከለ።
አፌ ውስጥ አፈር፣ ጆሮዬ ውስጥ ቅጠል፣ አንድ ጫማ የለም።
ልጁ ደረሰ፣ ፊቱ አመድ። «ጋሼ! ተጎዱ? ይነሡ!»
«ቅድም ምን ነበር ያልከኝ?»
«አፌ ነው፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ደንግጬ ነው፣ በእናትዎ…»
«ድገመው።»
ሳይደግመው ቀረ። ትከሻውን ሰጠኝ ብቻ።

ማታ ወይንሸት ጉልበቴን በአልኮል እየጠረገች፣
አዲሱን ቀዳዳ ከድሮው፣ ከተገዛው እየለየች
(«ይኼኛው እንኳ የራስህ ነው»)፣
ጥጡን አቆመች። «አንተ…» ብላ ዝም አለች።
በዚሁ ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ጠርታኛለች፤
ጆሮዬ ዛሬ ነው የተከፈተው፣ አፈሩ ሲወጣለት።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጥጡን መለሰችው ቁስሌ ላይ፤
«እንዲያው» አለች፣ «ለኔስ የሚሆን ሳይክል ይጠፋል ወይ?
ፍሬኑ
ትንሽ ላላ ያለ።»