መስክ

ምደባ የወጣ ቀን፣ ከአውቶቡስ ወርጄ፣
"አባ፣ መስክ ደረሰኝ" አልኩት፣ ወረቀቱን ይዤ።
"የቱ መስክ?" አለ አባቴ፣ ዱላውን ግንብ አስደግፎ፣
"ኮዬ ፈጬ መስክ አለ እንዴ? ከቀያሹ ገመድ ተርፎ?"
"ሥነ ልቦና ነው" ስለው፣ "ልብ ደግሞ በምን ይታረሳል?
ስንት ክረምት ይፈልጋል? አዝመራውስ መቼ ይደርሳል?"
"በአራት ዓመት።"
"እጠብቃለሁ" አለ።
መጠበቅማ ሥራው ነው፤
ሽምብራው ተነቅሎ ብሎክ መቶ አራት ሲበቅል፣
እሱ ዘበኛ ሆኖ በሩ ላይ ተተከለ።

አንጎልን በፕላስቲክ አየሁት፣ እንደ ቀይ ሽንኩርት ተከፍሎ፣
ይሄ ለፍርሃት፣ ይሄ ለረሃብ፣ ይሄ ለቋንቋ ተብሎ።
ከኋላ በኩል አንድ ቁራጭ ጎድሏል።
የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሽ አሰግደው፣
"ሳልረከብ የጠፋ ነው" አሉን፣ "ያለሱም ፈተና ታልፏል።"

በእድገት ኮርስ፣ የጎረቤት ልጅ ሜቲን አስቀምጬ፣
ውሃውን ከአጭሩ ብርጭቆ ወደ ረጅሙ ገልብጬ፣
"አሁን በዛ ወይስ አነሰ?" ብዬ እስክሪብቶ አዘጋጀሁ፤
መጽሐፉ "በዛ ትላለች" ይላል፣ እኔም አምኜ ጠበቅሁ።
"ያው ነው" አለች፣ አምስት ዓመቷ፣
"ግን አትድፊው፣ ማክሰኞ ነው የሚመጣ።"
ቧንቧ የሚያስተምረውን፣ መጽሐፍ ከየት ያምጣ?

ስታትስቲክስን በሲ አለፍኩ። (የሱን ሌላ ቀን።)

ማኅበራዊውን ግን ኤ ነው ያመጣሁት፤
"ሰው በበዛ ቁጥር ረጂ ያንሳል" የሚለውን
በሦስት ገጽ ያብራራሁት።
በሳምንቱ ቱሉ ዲምቱ፣ በታክሲ ሰልፍ መሐል፣
አንድ ጎልማሳ ወደቀ፤ አፉ አረፋ ይዞ ይንፈራገጣል።
አርባ ነበርን። ቆጥሬያለሁ።
አርባ ሆነን ተያየን፣ እኔም ቆሜ አየሁ።
ሎሚ ሻጯ ናት ቅርጫቷን ጥላ ራሱን ያቀፈች፣
ኤ ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ያልሰማች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የሕመሞቹ ኮርስ መጣ፤
ዶርሙ ሁሉ በየአልጋው የራሱን በሽታ አወጣ።
ፎዚያ ጭንቀት፣ ብርነሽ ድባቴ፣ እኔ ሁለቱንም ተካፈልኩ፤
ለእረፍት ቤት ስገባ ደግሞ ለቤተሰቡ አደልኩ።
ለአባቴ ሙሉ ገጽ፦
"ሌሊት አይተኛም። ይዞራል።
ግድግዳ ይዳስሳል። ለብቻው ይናገራል።"

አንድ ሌሊት ደብተሬን ይዤ ተከተልኩት፣
ምልክቱን አንድ በአንድ ልቆጥርበት።
ብሎክ መቶ አራትን በመዳፉ ነካ፤ "ሽምብራ።"
መቶ አምስትን፤ "ምስር። ዋልካው እዚህ ጋ ደግ ነበር።"
መቶ ስድስት ደረጃ ሥር፤ "ዳለቻው በሬ የወደቀበት።"
ጀነሬተሩ ጋ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ፣
ምንም አላለበት።

የማስታወስ ኮርስ መምህራችን እንዲህ ይሉን ነበር፦
"ረጅም ዝርዝር እንዳይጠፋችሁ፣
በምታውቁት ቤት ውስጥ አስቀምጡት፤
አንዱን በር ላይ፣ አንዱን መስኮት ላይ፣
ከዚያ በሐሳብ ዙሩት።"
አባቴ ኮርሱን አልወሰደም።
ሌላ ሰው በሚያድርበት ፎቅ፣ ማሳውን ከፍሎ አስቀመጠ፤
ሌሊት ሌሊት ይዞረዋል፣
ያያል፣ ትልሙ እንዳላመለጠ።

ባትሪውን ወደ ደብተሬ አበራ።
"ይሄ ነገር፣ በትምህርታችሁ ስም አለው?" አለ።
ሦስት ስም አውቅ ነበር።
"የለውም" አልኩት።
"ይሁና። ነይ ሌንሳ፣ ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ቦይ አለ።"
በደረቁ ሲሚንቶ ላይ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረ።
እኔም ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣
እግሬን አነሳሁ።