ጣሪያ ሲለብስ

ከአዘዞ ወዲህ፣ ከመንገዱ በላይ፣
ሦስት ክፍል ቤት አለን፣ ቆርቆሮው ነው ሰማይ።
ቀትር ላይ ይግላል፣ ይንጣጣል፣ ይጮሃል፤
ሌሊት ከወገራ የወረደው ብርድ በሚስማር ቀዳዳ ይሾልካል።
ኮርኒሱ አቡጀዴ፣ እሱም አርጅቶ ተንዘላዝሏል፣
አይጥ ሲሮጥበት ሆዱ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ዘንድሮስ እናልብሰው» አለችኝ ትርንጎ፣
«ሰው እስከ መቼ ይተኛል ካልሲና ኮፍያ አድርጎ?»

ቅዳሜ ሥራ ፈታሁ፤ ልብስ ልገዛ ወጣሁ፣
ለሰው አይደል ለጣሪያ፣ ወርድ ቁመቱን በሲባጎ ለክቼ መጣሁ።

ፒያሳ ባለሱቁ ፎም ዘረጋልኝ፣ ነጭ፣ ለስላሳ፤
«እንደ ደመና ነው» አለና ዋጋውን ከደመና በላይ አነሣ።
ቁራጩን ለመንኩት፤ ከደጅ ወጥቼ በክብሪት ሞከርኩ፤
ቀለጠ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ፤ «ይቅርብኝ» ብዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ብጫ የመስተዋት ጥጥ፣
«ከዱባይ የመጣ ነው፣ ደፍሮ የማይነካው አይጥ!»
በጣቴ ብዳስሰው እስከ ማታ አሳከከኝ፣
ጣሪያዬን ሳይሸፍን እኔን በቁሜ አስጨፈረኝ።

የዳባት ሰው የበግ ጠጉር አሳየኝ በማዳበሪያ፤
ይሞቃል፣ ግን ብል ከጨረሰው ምን ሊቀር ነው ለጣሪያ?
ጭድም ታሰበ፤ ጭድማ ከሁሉም ርካሹ፣
ግን ለአይጥ የጫጉላ ቤት ነው፣ ከነፍራሹ።

አናጢው አዛናው፣ መሰላል ላይ፣ እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ፣
ከወገቡ በላይ ጣሪያው ውጦት፣ ይነግረናል ስለ ብርድ፦
«ብርድ አይደለም የሚገባ፣ ሙቀት ነው የሚወጣ፤
ቤታችሁ አፉን ከፍቶ ያድራል፣ ንፋስ እየጠጣ።
ሰጋቱራ ከኔ ውሰዱ፣ ኖራ ቀላቅሉበት ለምስጡ፤
ቺፑድ እመታለሁ ከሥር፣ አራት ጣት ይነስነስ በውስጡ።
የመብራቱ ሽቦ በቱቦ ይሁን፣ አደራ።
ደግሞ ከዚህ በኋላ ዝናቡን አትሰሙትም።»

ይህን ሲል ትርንጎ አየችኝ።
እኔም አየኋት።

እንግዲህ ላውጣው። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር
የክረምት ዝናብ ነበር ሽማግሌያችን።
ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሷ አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣
እኔ «ምን?» እላለሁ፤
እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ወደ ጆሮዋ ትጠቁማለች፤
ስድቡ ግማሽ መንገድ ላይ በስብሶ ይቀራል።
አንድ ቀን በእህቷ ብድር ተነሥተን፣ በረዶ ጣለ፤
ሲያባራ ማናችንም የት ላይ እንዳቆምን አላወቅንም።
ቀድማ የሳቀች እሷ ናት።

አሁን ጸጥታ ልንገዛ ነው፣ በኩንታል፤
ጸጥታ ውስጥ ደግሞ የተባለ ሁሉ ይሰማል።

«ሁለቱ ክፍል ይልበስ» አለችው፣ «ያች ትንሿ ትቅር።»
«ኧረ ሰጋቱራው ይተርፋል፣ እትዬ!»
«ትቅር አልኩህ።»
አዛናው እኔን አየ። እኔ ሲባጎዬን እጠቀልል ነበር።

ሐምሌ ገባ። መኝታ ቤታችን ይሞቃል፤
ካልሲዎቼ ሳጥን ውስጥ ናቸው።
ዝናቡ ነው አሁን ካልሲ ያጠለቀው፣
ከላያችን በቀስታ ይራመዳል፣
በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው።

ትናንት ማታ ግን ስለዚያው ብድር ቃል ሲካረር፣
ትርንጎ ምንም ሳትል ተነሥታ
ወደ ትንሿ ክፍል ገባች።
ተከተልኳት። እሷ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ፣
እኔ የልጃችን አሮጌ ብስክሌት ኮርቻ ላይ፣
ከበላያችን ቆርቆሮው እንደ ጉድ ይደልቃል።
አንድ ነገር ተናገረች፤ ረዘም ያለ ነው፤
መጨረሻው ላይ ፈገግ ብላለች መሰለኝ።

«ምን?» አልኳት።