ሃያ አንድ ቀን በቴሌቪዥን

ከአዌቱ ድልድይ ዳር፣ ከቆርቆሮ ሱቄ፣
ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ሽቦ በእርሳስ አጣብቄ።
ደንበኛ ሲቆጣኝ፣ «ዛሬም አልደረሰ?»
«ቀስ በቀስ እንቁላል…» እላለሁ እየሳቅሁ፤ እሱም እየሄደ፣ እየተመለሰ።
ምሳሌው ነበር እንጂ የማውቀው በአፌ፣
እንቁላል ምን እንደሆን አላየሁም ነበር ከመጥበሻ አልፌ።

ዘንድሮ ግን ሥራው ሳሳ፤
ሰው ሁሉ ስልኩን ይዟል፣ ሬድዮን ማን ያንሳ?
አንድ ወፍራም ቴሌቪዥን፣ ሆዱ እንደተነፋ፣
መደርደሪያዬ ላይ ቀረ፣ ባለቤቱ ጠፋ።

ሆድ ዕቃውን አወጣሁ። መስተዋት ገጠምኩለት፣
አሮጌ ቢጫ አምፖል በጎኑ ሰቀልኩለት።
(አዲሱ ነጭ አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም፤
ቢጫውን ስፈልግ መርካቶ ለመርካቶ፣ ያልሳቀብኝ ባለሱቅ አላውቅም።)
ከፋርማሲ ገዛሁ የብብት ቴርሞሜትር፣
እያራገፍኩ ከተትኩት ከእንቁላሎቹ ሥር።
ሠላሳ ሰባት ተኩል። ለሰው ቢሆን ትኩሳት፣
ለእንቁላል ጤንነት፣ የእናት ደረት ሙቀት።

የመጀመሪያው ዙር ከሱቅ የገዛሁት ነው፤ ነጫጭ፣ እኩል እኩል።
ሃያ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ሃያ አምስት። ሠላሳ።
አንዱ ፈነዳና ሰፈሩ ተነሳ።

የአባ ፊጣ ልጅ ነዚፋ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ዶሮ የምትሸጠው፣
አፍንጫዋን ይዛ ገባች። ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ ነው የወረደው።
«ይኼ የእርባታ ነው፤ እናቱ አውራ አታውቅ፣
ባል በሌለበት ቤት ልጅ ስትጠብቅ!»

በማግስቱ መጣች፣ በጭድ ዘንቢል አሥራ አራት አምጥታ፣
እየዳበሰች አስተማረችኝ፣ አንድ በአንድ አንስታ።
«የሾለውን ተወው፣ ድቡልቡሉን ተወው፣
ቢቆሽሽም አትጠበው።
ሹል ጫፉ ወደ ታች። በቀን ሦስቴ አገላብጥ፤
እናቱ ሌሊት እንኳ በመንቁሯ ታዞራለች፤ አንተ ማነህ የምትቀመጥ?»

በአንዱ ጎን «ፀ»፣ በሌላው ጎን «ጨ» ብዬ ጻፍሁ፤
ፀሐይዋን ሳጠልቅ ጨረቃ አስነሳሁ።

በሰባተኛው ሌሊት የስልኬን መብራት ከቅርፊቱ ባስጠጋ፣
ቀጫጭን ቀይ ሥር አየሁ፤ በመሐሉ አንዲት ነጥብ ስትንቀጠቀጥ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
ስንት ሬድዮ ከፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሽቦ
ማን እንደዘረጋው አላውቅም፣ ከውኃ ላይ ስቦ።

የሰፈር ልጅ ሰማ። ማታ ማታ መጡ፣
ኳስ ያለ ይመስል ከፊቱ ተቀመጡ።
«ድምፁን ጨምሩልን» አለ ትንሹ ሙስባህ።
«ገና ማስታወቂያ ነው» አልኩት፣ «ጠብቅ፣ አይዞህ።»

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዝናቡ ከጅሬን ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
መብራት ሄደ።
(በእኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ስንቅ ቋጥሮ ነው።)
ቴርሞሜትሩ ወረደ።
ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ሦስት። ክብሪት ፈለግሁ፣ ምን ላደርግበት?

ነዚፋ በጨለማው፣ በፕላስቲክ ጫማ እየተንሸራተተች፣
አንዲት ጥቁር ዶሮ በብብቷ ይዛ ደረሰች፤
ባዶ ቅርጫት ታቅፋ ሳምንት የከረመች።
«ክፈትላት» አለች። የሳጥኑን ጀርባ ፈታሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።
ዶሮዋ ገባች። ስንት ዲግሪ ነው አላለች፣ የማን ነው አላለች፤
እንቁላሉን በመንቁሯ ወደ ሆዷ ሳበች፣
ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተኛች፣ ክንፏን ጥላ።
መብራት ቢመጣ ባይመጣ፣ ያን ሌሊት አልጠየቅሁም ሌላ።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ሙስባህ ጆሮውን ከመስተዋቱ ለጥፎ፣
«ድምፁ መጣ!» አለ።

ዘጠኙ ወጡ። አምስቱ ዝም አሉ።
ዝም ያሉትን ከጓሮው እንሰት ሥር ቀበርኩ፤ ነዚፋ አፈሩን በእግሯ ጠቀጠቀች፤ ምንም አልተባባልንም።

ከሳምንት በኋላ ያ ደንበኛ መጣ፣ ከደጃፌ ቆመ፣
ሬድዮው አልተሠራም። ፊቱ ጠቆመ።
ምሳሌዬን ልነግረው አፌን ስከፍት፣
አንዷ ጫጩት በእግሯ ሄዳ ጫማው ላይ ወጣችበት።